ከሆስፒታል አልጋ እስከ ጓዳ፦ የሕፃናት ሕክምና በደቡብ ጎንደር ደጋ

1. እናት የማትለይበት ክፍል

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍል አንድ አልጋ የሁለት ሰው ነው። ሕፃኑ ይታመማል፤ እናቱ አብራው ትተኛለች። ታጠባዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ሽሮፑን ታጠጣዋለች፤ ሌሊት ትኩሳቱ ሲነሣ ተረኛዋን ነርስ የምትጠራውም እሷ ናት። በደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦርም ነገሩ ያው ነው። ከፋርታ፣ ከእስቴ ወይም ከጋይንት ልጇን አዝላ የመጣች እናት ልጇ ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ የክፍሉ ግማሽ ሠራተኛ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሌላው ዓለም ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ለሕፃናት ብቻ የተለየ ሆስፒታል በፓሪስ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1802 ሲሆን የለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በ1852 ተከተለ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ወላጅ የታመመ ልጁን የሚያየው በተወሰነለት ሰዓት ብቻ ነበር። ልጁ እናቱን ሲያይ ያለቅሳል፣ ሥራ ያስተጓጉላል ይባል ነበርና። ይህን አሠራር የነቀፈውና ወላጆች እንደ ልብ እንዲገቡ የጠየቀው የፕላት ሪፖርት የወጣው በ1959 ነው። እኛ ዘንድ እናትን ከበር የሚመልስ ሆስፒታል ቢኖር ኖሮ ሕፃኑን የሚያበላው ሰው አይገኝም ነበር። በእጥረት የተጀመረውን ልማድ ሳይንሱ ዘግይቶ አጸደቀው።

የሕፃናት ሕክምና በዚህ አገር፣ በተለይም በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ የተደራጀበትን መንገድ ለመረዳት ከዚህች እናት መነሣት ይጠቅማል። ሕክምናው የጀመረው ከትልቅ ሕንፃ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደረጃ በደረጃ ወደ እሷ ጓዳ ሲወርድ ኖሯል። አብዛኞቹ ደረጃዎች ደግሞ የተጨመሩት ወረርሽኝ ወይም ረሃብ ካስገደደ በኋላ ነው።

2. ሐኪም ከሩቅ ሲመጣ

ከሆስፒታል በፊትም ሕክምና ነበረ። ለምች ዳማከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለስብራት ወጌሻ፣ ለሁሉም ጠበል። ፈንጣጣን በተመለከተ ደጋው ከብዙ አገር ቀድሞ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ሕመሙ ከቀለለለት ታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መከተብ። አደጋ ያልተለየው ዘዴ ቢሆንም መርሑ ኋላ በመርፌ ከመጣው ብዙ አይርቅም። ያልነበረው ነገር ሌላ ነው። የታመመ ሕፃን ተኝቶ ቀንና ሌሊት የሚታይበት፣ ምን እንደታመመ የሚመዘገብበት ቦታ አልነበረም።

ዘመናዊው ሆስፒታል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጦርነት በር ነው። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሊያክም መጣ፤ በአዲስ አበባ የተከለው ሆስፒታልም ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መንገድ ጠረገ። ለቁስለኛ የታሰበ ቤት ስለ ሕፃን ብዙ አያስብም። በደብረ ታቦር ደግሞ ከጣሊያን ወረራ በፊት የሕክምና ሥራ የጀመሩት የአድቬንቲስት ሚሲዮናውያን ነበሩ። የከተማዋ ሆስፒታል ኋላ በመንግሥት እጅ ገብቶ ዛሬ ወደ ደረሰበት ደረጃ አድጓል።

ያኔ የነበረው አሠራር ቀላል ነበር፦ ሐኪሙ ይቀመጣል፣ በሽተኛው ይሄዳል። ከስማዳ ቆላ ወይም ከጉና ጀርባ ለሚነሣ ሰው መሄድ ማለት በቃሬዛ የቀናት መንገድ ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ይህ ከባድ ነው። ተቅማጥ ለያዘው የስምንት ወር ሕፃን ግን ከነጭራሹ የማይሆን ነገር ነው፤ ውኃው ከሰውነቱ አልቆ የሚሞተው ከሁለት ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ ሊሆን ይችላልና።

3. ወባ ያስገደደው ለውጥ

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተሰሜን በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት ኮሌጁን ያቋቋመው ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ ትብብር ጋር ሆኖ ነው። ይህ ኮሌጅ በኢትዮጵያ ጤና ታሪክ ከማንኛውም ሕንፃ የበለጠ ዋጋ አለው ብሎ መከራከር ይቻላል። ምክንያቱ ሐኪም ለማፍራት አለመቋቋሙ ነው።

ያፈራው ቡድን ነበር። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ሠልጥነው አብረው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ጣቢያውን ይመራል። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ነርሷ ነፍሰ ጡርና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሕፃን ትመዝናለች፣ ቤት ለቤት ዞራ ታስተምራለች። ለአንድ ጤና ጣቢያ 50,000 ሰው ታስቦ ነበር። ቁጥሩ ዛሬ ያስቃል። ሐሳቡ ግን አዲስ ነበር፤ የጤና ባለሙያ ከግቢው ወጥቶ በገጠር ደጃፍ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ የመጀመሪያው ሥርዓት ይህ ነው።

ኮሌጁ ገና ጥቂት ምሩቃን እንዳወጣ ከባዱ ፈተና ደረሰ። ከሰኔ 1950 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1951 መጀመሪያ ድረስ የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አጥለቀለቀ። በኋላ በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሞቷል። ወባን የማያውቅ አካል ያለው የደጋ ሕዝብ፣ ከሁሉም በላይ ሕፃኑ፣ መከላከያ አልነበረውም። የፎገራ ሜዳ ልክ በዚያ ከፍታ ላይ የተንጣለለ ነው። ወባ የቆላ በሽታ ነው የሚለው እምነት ያኔ ተሰበረ፤ ጤና ጣቢያም ለከተማ ብቻ ሊሠራ እንደማይገባ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

4. ምግብ እንደ መድኃኒት

ሕፃናትን ብቻ የሚያይ ክፍል በስፋት የተጀመረው በአዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ በስዊድን እርዳታ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ክሊኒክ ሥራ ጀመረ። ሐኪሞቹ ብዙም ሳይቆዩ አንድ የሚያሳፍር ነገር አስተዋሉ። ልጁ ከሳንባ ምች ወይም ከተቅማጥ ድኖ ይወጣል፤ ከወር በኋላ ከስቶና አብጦ ይመለሳል። በሽታው አንድ ነው፤ ምግብ ማጣት።

ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1962 የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ በ1968 ወደ ኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት አደገ። ከዚያ የወጣው በጣም የታወቀ ፍሬ ፋፋ ነው። ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀ የሕፃን ምግብ፣ በአገር ውስጥ የሚመረት። ፋፋ በከተማ የብዙ ትውልድ ልጅ አሳድጓል። የገጠር እናት ግን ዱቄቱን የምትገዛበት ገንዘብ አልነበራትም። አጥሚትና ገንፎ የምታበጃቸው ከራሷ ጎተራ ነው፤ ጎተራው ባዶ ሲሆን ደግሞ ምክሩም ባዶ ይሆናል።

በ1977 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። እብናት፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ያለችው ወረዳ፣ በዚያ ዓመት ስሟ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ረሃብተኛ በሠፈረበት የእርዳታ ጣቢያ ሕፃናት በወተትና በአልሚ ምግብ ይታከሙ ነበር። በሚያዝያ ወር መንግሥት ጣቢያውን በግዳጅ በትኖ ሕዝቡን ወደየቀዬው ሰደደ፤ በዓለም ላይም ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ። ከፖለቲካው ባሻገር ጣቢያው አንድ የሕክምና ችግር ይዞ ነበር። ክፉኛ የተጎዳን ሕፃን ለማዳን ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ሜዳ ማከማቸት ራሱ ኩፍኝና ተቅማጥ ይጠራል።

መፍትሔው የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በኦቾሎኒ ቅቤ፣ በወተት ዱቄት፣ በዘይትና በስኳር የተዘጋጀ፣ ውኃ የማይፈልግ፣ በትንሽ ከረጢት የታሸገ ምግብ። ሰው ፕላምፒናት ይለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሒሊና የተባለው ፋብሪካ በአገር ውስጥ ያመርተዋል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ይህ ሕክምና እስከ ጤና ኬላ ወረደ። የምግብ ፍላጎት ያለው፣ ሌላ ከባድ ሕመም ያልተጨመረበት ልጅ ሳምንታዊ ድርሻውን ወስዶ ቤቱ ይድናል። አልበላም ያለው፣ ትኩሳት ወይም ብርድ የጠናበት ብቻ ወደ ማረጋጊያ ክፍል ይገባል፤ እዚያ በተለየ ወተት፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ በጥንቃቄ ይመገባል። ድሮ ሁሉም በካምፕ፣ ዛሬ አብዛኛው በቤት። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ፈጣን ለውጥ ያለበት ምዕራፍ የለም።

5. መርፌና ቀጠሮ

ክትባት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ፈንጣጣን ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ዘመቻ በኢትዮጵያ የመጨረሻውን ታማሚ ያገኘው በ1976 ነው። ያ ዘመቻ ክትባት በየተራራው መድረስ እንደሚችል አሳየ። በ1972 ዓ.ም. መደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ሲጨመርበት ኖሯል። አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት፣ ቀጥሎ የሳንባ ምች፣ ቀጥሎ የሮታ ተቅማጥ፣ ከዚያም የኩፍኝ ሁለተኛ ዙር። ክትባት ለጤና ተቋማት ያስተማረው ትልቁ ነገር ግን ቀጠሮ ነው። ጤነኛ ልጅ ተይዞ ወደ ጤና ተቋም የሚኬድበት ልማድ የተጀመረው በእሱ ነው።

6. በቀበሌ ሁለት ሴቶች

በ1995 ዓ.ም. መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን አወጀ። ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ፣ ለእያንዳንዱ ጤና ኬላ ሁለት ባለሙያ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ በአብዛኛው ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴቶች። ሴት መሆናቸው በዘፈቀደ አይደለም። ሥራው ጓዳ መግባትን ይጠይቃል፤ የደጋ ቤት ጓዳ ደግሞ ለእንግዳ ወንድ አይከፈትም።

መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ መከላከል ብቻ ነበር፤ 16 የጤና ጥቅሎች፣ ከመጸዳጃ ቤት እስከ ቤተሰብ ምጣኔ። መድኃኒት አልያዙም ማለት ይቻላል። ይህ ለእነሱም ለእናቶችም ግራ ነበር። ልጇ እያቃተተ ለመጣች እናት ስለ ጉድጓድ ማስተማር ምን ያደርጋል? ቀስ በቀስ ተፈቀደላቸው፤ በመጀመሪያ ለወባና ለተቅማጥ፣ ከዚያ ለከባድ የምግብ እጥረት፣ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ለሳንባ ምች የሚሆን አንቲባዮቲክ እንዲሰጡ። የመጨረሻው ውሳኔ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። አንቲባዮቲክ በአንድ ዓመት ሥልጠና እጅ ይሰጣል ወይ የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። መልሱ የተገኘው በሰዓት ነው። ባለሙያዋ ልብሱን ገልጣ የሕፃኑን ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ ትቆጥራለች። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳንባ ምች ተጠርጥሮ ይታከማል። ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው ግን ወዲያውኑ ሪፈር ይጻፍለታል።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ሆነ። ሁሉም የጤና ኬላ ሥራ አይደለም፤ መንገድ፣ ትምህርትና የተሻለ እህልም አሉበት። ሆኖም ክትባቱ፣ አጎበሩና የተቅማጥ ሕክምናው እቤት የደረሱት በእነዚህ ሴቶች እግር ነው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ጤና ኬላው ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ባለሙያዋ ወይ ቤት ለቤት ስትዞር፣ ወይ ስብሰባ፣ ወይ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ልታመጣ ትሄዳለች። በሩን ተቆልፎ ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በቀጥታ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ካልሆነም ወደ ግል መድኃኒት ቤት። እናም ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል ይዘረጋል ተብሎ የታሰበው የሕክምና ሰንሰለት ከታች ይሾልካል።

7. ሰንሰለቱ ዛሬ

ዛሬ አደረጃጀቱ እንዲህ ነው። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል። አምስት ያህል ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ። ከእነሱ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ፤ በደቡብ ጎንደር አዲስ ዘመን፣ ንፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስን የመሰሉ ከተሞች የየራሳቸው አላቸው። የዞኑ ትልቁ ሆስፒታል ያለው በደብረ ታቦር ነው። በ2004 ዓ.ም. የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ የጤና ተማሪዎቹን በዚያ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ሆስፒታሉ የማስተማሪያ ተቋምም ሆኗል፤ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍልም አለው። ከአቅሙ በላይ የሆነው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይላካል።

ሰንሰለቱ ሲሠራ ምን እንደሚመስል፣ ሳይሠራም ምን እንደሚያስከትል፣ የ1997 ዓ.ም. የሊቦ ከምከም ነገር ያስረዳል። በወረዳው ሰዎች፣ ብዙ ሕፃናት ጭምር፣ ለወራት በማይለቅ ትኩሳት እየከሱ፣ ሆዳቸው በጣፊያ እብጠት እየተነፋ ይሞቱ ጀመር። መጀመሪያ የተጠረጠረው ወባ ነው፤ መድኃኒት አልሠራም ሲባል መድኃኒት የተላመደ ወባ ተባለ። በመጨረሻ ምርመራው ካላ አዛር መሆኑን አረጋገጠ። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል፣ እስከዚያ በወረዳው የማይታወቅ በሽታ። ወደ ሁመራና መተማ ቆላ ለአጨዳ ወርደው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀሩ ይታመናል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ከጤና ቢሮው ጋር በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፈተ፤ በተከታዮቹ ዓመታት ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ታመው ተመዘገቡ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለሰንሰለቱ መካከለኛ ቀለበት ነው። ጤና ኬላ ትኩሳትን ያያል፤ ደም መርምሮ ይህ ወባ አይደለም የሚል ላቦራቶሪ ግን በቅርብ ከሌለ ልጁ የተሳሳተ መድኃኒት እየዋጠ ይሞታል።

ገንዘቡስ? ክትባትና ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋማት አይከፈልባቸውም። ለቀረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መጣ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሙከራው ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ ፎገራ ነበረች። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መታወቂያ ይይዛል፤ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር እየወጣ ይታከማል። ከብት ሸጦ ልጅ ማሳከም ለሚያውቅ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ሲባል ግን መድህኑ ዋጋ ያጣል፤ ሰውም የሚያማርረው በዚህ ነው።

መንገድም የሕክምናው አካል ነው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ባይኖር ኖሮ ከጋይንት ደብረ ታቦር መድረስ የዛሬው ዓይነት ጉዞ ባልሆነ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ሲደርስ የንፋስ መውጫ ሆስፒታል ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም የአምቡላንስንና የመድኃኒትን መንገድ ደጋግሞ ዘግቷል። ሰባ ዓመት የተገነባ ሰንሰለት አንድ ድልድይ ላይ ሊበጠስ ይችላል።

ያልተፈታው ትልቁ ጥያቄ አራስ ሕፃን ነው። ከላይ ያየነው የሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ሲቀንስ፣ ከ1,000 በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበሩበት 49 በ2016 ወደ 29 ብቻ ወረዱ፤ በ2019 ጥናትም አልቀነሱም። ሳምንት ያልሞላው ልጅ ያለ ጊዜው በመወለድ፣ በምጥ ጊዜ በመታፈን ወይም በኢንፌክሽን ይሞታል። እነዚህ በቤት ምክር ብቻ አይመለሱም፤ ኦክስጅን፣ ማሞቂያ፣ ሌሊት የምትነቃ የሠለጠነች ነርስ ይፈልጋሉ። ለሃያ ዓመት ወደ ታች የወረደው ገንዘብና ትኩረት አሁን ከፊሉ ወደ ሆስፒታሉ መመለስ አለበት ማለት ነው። ይህን ማለት ጤና ኬላውን መተው አይደለም፤ የጤና ኬላዋ ባለሙያ ነፍሰ ጡሯን ቀድማ ወደ እናቶች ማቆያ ካልላከቻት የሆስፒታሉ ማሞቂያ የሚያሞቀው ልጅ አያገኝም።

8. ከቤት የሚጠበቀው

ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በዙሪያው ያለው ደጋ ሌሊቱ ክፉኛ ይቀዘቅዛል። ለዚህ አገር አራስ ሕፃን የመጀመሪያው ጠላት ብርድ ነው። ስለዚህ በጤና ጣቢያ የሚነገረው ምክር ከሙቀት ይጀምራል። ልጁ እንደተወለደ ደርቆ ከእናቱ ደረት ጋር ራቁቱን ይገናኝ፣ ከላይ ይሸፈን፣ ለ24 ሰዓት አይታጠብ። ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ቀን ሙሉ በእናቱ ደረት ታቅፎ የሚያድግበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በቦጎታ፣ ኮሎምቢያ፣ ማሞቂያ በጠፋበት ሆስፒታል የተጀመረ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ይሠሩበታል። እምብርቱ ላይ ቅቤም ሆነ ባለሙያ ያላዘዘው ሌላ ነገር አይደረግም። እንገሩ አይደፋም፤ ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ። ቅቤ ማቅመስ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ጥርስ ማስነቀል ደጋው ገና ያልተላቀቃቸው ልማዶች ናቸው፤ ሦስቱም ሕፃን ይጎዳሉ።

ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። ፎገራ ሩዝ ያመርታል፤ ጉና ሥር ድንችና ገብስ ሞልቷል። የጎደለው ከልጁ ሳህን ነው። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልት የተጨመረበት ወፍራም ገንፎ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ጾም ይነሣል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታዝም፤ ብዙ እናቶች ግን ድስቱ እንዳይነካካ በማለት በጾም ለልጁም እንቁላል አይሠሩም። ካህናት ከቅዳሴ በኋላ ስለዚህ ሲያስተምሩ ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ይሰማሉ፤ ጤና ቢሮዎችም ይህን ተረድተው ካህናቱን ማሳተፍ ጀምረዋል።

ለአብዛኛው ተቅማጥ ሁለት ነገር ይበቃል፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ኦአርኤስና ለ10 ቀን የሚሰጥ ዚንክ። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚያጠፋው እዚህ ነው። የተበጠበጠው ኦአርኤስ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ጡትም ምግብም አይከለከልም። የምድጃ ጭስ ለሕፃን ሳንባ ጠላት ነው፤ እንጀራ ሲጋገር ልጁን ከጀርባ ማውረድና ሌላ ሰው እንዲይዘው ማድረግ ዋጋ አይጠይቅም። ፊትን በየቀኑ መታጠብ ደግሞ ለትራኮማ ነው፤ ደቡብ ጎንደር በዚህ የዓይን በሽታ ክፉኛ ከተጎዱት የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነው።

በጓዳ የማይታከሙት ምልክቶች ጥቂት ናቸው፤ ማንኛውም አባትም ሊያስታውሳቸው ይችላል። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የደነዘዘ ወይም ለመንቃት የሚያስቸግር፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ልጅ አይውል አይደር፤ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይወሰድ። ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ ትኩሳት ወይም ቅዝቃዜ ብቻ ከታየበት በቂ ምክንያት ነው።

ለአሁን ግን አንድ ቀላል ነገር ይቅደም። የክትባት ካርዱ ላይ በልደት፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር እና በ15 ወር የሚሞሉ ቦታዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረው የመጨረሻው ነው። የልጅዎን ካርድ አውጥተው ይመልከቱ፤ 15 ወር አልፎት ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ካልወሰደ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ኬላ ይውሰዱት፤ ክፍያ የለውም።